የኦሪት መሥዋዕት ሁሉ የክርስቶስ ጥላ ነው? ገደቡስ የት ነው?

የደብሩ ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን አንድ ስብከት ሰምቼ ከነከነኝ። ሰባኪው የደብተራ ኦሪቷን ካስማና ቀለበት ሳይቀር የክርስቶስ ምሳሌ ነው እያለ ተነተነው። እኔ ገደብ ያስፈልገዋል ባይ ነኝ። የፋሲካው በግ ግልጽ ነው፤ ጳውሎስ ራሱ ፋሲካችን ክርስቶስ ነው ብሏል። ዘጸአት 12፥46 አጥንቱን አትስበሩ ይላል፣ ዮሐንስም ጌታ ጭኑ ሳይሰበር መቅረቱን ከዚሁ ጋር ያያይዘዋል። ሐዋርያት ያላሉትን ግን ከየት አምጥተን ነው?

ወለተ ሥላሴ፦ ገደቡን ማን አወጣው ታዲያ? ዕብራውያን 9፥5ን እይ እስቲ። ታቦቱን፣ መቅረዙን፣ ኪሩቤልን ከዘረዘረ በኋላ የእያንዳንዱን ነገር አሁን መናገር አንችልም ብሎ ያልፋል። ትርጉም የላቸውም አላለም! አባቶችም የገባቸው እንደዚያ ነው። ዮስጦስ ሰማዕት በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከአይሁዳዊው ትሪፎን ጋር ሲከራከር የበጉን አጠባበስ ሳይቀር ጠቅሷል፤ አንዱ እንጨት ከታች እስከ ራሱ ይገባል፣ ሌላው በጀርባው አግድም ሆኖ እግሮቹ ይታሰሩበታል፣ መስቀል ማለት ነው። ይህን ከሐዋርያት ማን ጻፈው?

የደብሩ ልጅ፦ ዮስጦስን አከብረዋለሁ። ግን እሱው ዘሌዋውያን 16 ላይ ያሉትን ሁለት ፍየሎች የክርስቶስ ሁለት ምጽአት ናቸው ይላል። አንዱ ይታረዳል፣ በሌላው ላይ ሊቀ ካህናቱ ሁለት እጁን ጭኖ የሕዝቡን ኃጢአት ይናዘዝና ወደ ምድረ በዳ ይሰዱታል። አድቬንቲስቶች ደግሞ የሚሰደደው ሰይጣን ነው ይላሉ። አንዱ ፍየል ለዚህ ክርስቶስ ለዚያ ሰይጣን ከሆነ በምን እንዳኘዋለን?

የአሽዶዱ፦ ይቅርታ፣ ጣልቃ ልግባ። እኔ ቤተ እስራኤል ነኝ። ጥላ ነው ስትሉ ሁሌም ይከብደኛል። አያቶቻችን ጎንደር እያሉ በፋሲካ በጉን ሲያርዱና ቂጣውን ሲበሉ ከግብፅ መውጣትን እያሰቡ ነበር፣ ሌላ ነገር አልጠበቁበትም። ልጅ ይህ ሥርዓት ምንድን ነው ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው መልስ እዚያው ዘጸአት 12፥27 ላይ ተጽፏል፤ እግዚአብሔር ግብፃውያንን ሲመታ የእኛን ቤት አልፎ አዳነን። ታዲያ በእናንተ ንባብ ያ መልስ ምን ሆነ?

ወለተ ሥላሴ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከባድ ነው፣ ደስም ብሎኛል ስለጠየቅክ። መልሱ አልተሻረም። ሕዝቡ በእውነት ወጥቷል፣ ደሙም በእውነት በመቃኑ ላይ ተቀብቷል። ያልተፈጸመ ነገርማ ለምንም ምሳሌ ሊሆን አይችልም። እኛ የምንለው ያው ያዳነው አምላክ ኋላ ለሚያደርገው ማዳን አስቀድሞ መልክ ሰጠው ነው።

የደብሩ ልጅ፦ በዚህ እስማማለሁ። እንዲህ ተብሎ ቢሰበክ እኮ ጥያቄም ባልነበረኝ። እኛ ጋ ግን የእስራኤል ታሪክ ይዘለልና በቀጥታ ወደ ምሳሌው ይገባል፣ ሰውም ዘሌዋውያንን እንደ እንቆቅልሽ ይማረዋል።

የአሽዶዱ፦ እንደዚያ ካላችሁ ባልስማማም እሰማችኋለሁ። የፍየሉን ግን አልመለሳችሁም።

ወለተ ሥላሴ፦ እውነት ነው። ዕብራውያን 13 የሚጠቅሰው ሥጋቸው ከሰፈር ውጭ የሚቃጠለውን እንስሳት ነው፣ ስለሚሰደደው ፍየል ሐዋርያት በስም የጻፉት የለም። እኔ የዓለምን ኃጢአት ከሚያስወግደው በግ ጋር አገናኘዋለሁ፣ ኃጢአቱን ተሸክሞ ከሕዝቡ ስለሚያርቀው። ይህን እንደ አባቶች ንባብ እይዘዋለሁ እንጂ አንተን ለመርታት አልጠቅሰውም።