የስፒከሩ ዕቅድ፦ እስከ ዓርብ ሐሳባችሁን ጻፉ

ጸሐፊ፦ የእሁድ ስብሰባችንን ዕቅድ ላስቀምጥ። ሁለት ስፒከር ራሳችን እንሠራለን። የሚቀመጡት እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ጋሼ ቤት፣ የሙዚቃ ሸክላ የምንሰማበት ክፍል ነው። ሳጥኑ 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የሚሠራ ጣውላ)፣ ድፍን፣ የአየር ቀዳዳ የሌለው። ውስጡ 22 በ26 በ36 ሴንቲ፣ ማለትም 20 ሊትር ተኩል ግድም። ሁለቱም ከአንድ ሉህ ይወጣሉ፣ ይተርፋልም። መዋጮ በሰው 4,000 ብር፣ 12 ሰው ነን።

የገንደ ቆሬው፦ ከመዋጮው በፊት ያለፈው ዓመት ይነሳ።

ገንዘብ ያዥ፦ ያለፈው ዓመት ሒሳብ ተዘግቷል። ደረሰኙ እኔ ጋ አለ።

የገንደ ቆሬው፦ ሒሳቡን ማን ጠየቀ? ያንን የቺፑድ ሳጥን ነው የምለው። ቤዝ የለውም ብላችሁ ዎፈሩን (የወፍራም ድምፁን ስፒከር) ስትረግሙ ከረማችሁ። እኔ ቤት ወስጄ በባትሪ ድንጋይ ሞከርኩት። የባትሪውን ፖዘቲቭ ቀዩ ጫፍ ላይ ነካ ሳደርግ የግራው ዎፈር ወረቀት ወደ ውጭ ገፋ፣ የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። ሽቦው ተገልብጦ ነው የተበየደው። አንዱ ሲገፋ ሌላው ከሳበ ቤዙ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። ዘንድሮ ሳጥኑ ሳይታሸግ እያንዳንዱ በባትሪ ይሞከር።

አናጺው፦ ቆረጣው በእኔ ይሁን። ቅዳሜ ጠዋት ሉሁን አድርሱልኝ። የጉልበት አልጠይቅም።

የሳቢያኑ፦ በሳጥኑ እስማማለሁ። ግን ያ የኮርኒሱ ቬንትሌተር ይቁም። መብራታችን 50 ኸርዝ (በሴኮንድ 50 ዙር) ነው፤ በሱ የሚዞር ሞተር 100 ኸርዝ ላይ ያጉረመርማል። የኡድ ወፍራም ክሮች እዚያው አካባቢ ናቸው። አሊ ቢራን በቬንትሌተር ልንሰማ ነው 48,000 የምናወጣው?

ጋሼ፦ ሰኔ ላይ 8 ሰዓት ቤቴ ገብተህ ታውቃለህ? ቬንትሌተሩ አይቆምም።

የሳቢያኑ፦ መስኮት ይከፈታላ።

የገንደ ቆሬው፦ መስኮት ተከፍቶ ባጃጁን ልንሰማ? አቦ ተው!

የሳቢያኑ፦ እንግዲያው ጋሼ ትንሽ ይቻሉት። ሁላችንም እኮ ያልበናል።

የመጋላዋ፦ አንተ፣ ለትልቅ ሰው እንዲህ ይጻፋል? ቤታቸውን የሰጡን እሳቸው ናቸው።

ጋሼ፦ እኔ ባቡር ድርጅት ሳለሁ ከሞተር ሥር ተኝቼ ሠርቻለሁ። ሙቀት የማልችል አይደለሁም። ደሜ ከፍ ይላል። ይህንን ስላልነገርኳችሁ ነው።

የሳቢያኑ፦ ይቅርታ ጋሼ። አላወቅኩም። ቃሌን አንስቻለሁ።

ጸሐፊ፦ ማታ 2 ሰዓት ብናደርገውስ? ነፋሻ ነው።

የመጋላዋ፦ ማታ ማለት አንቺ አትምጪ ማለት ነው። እኔም 4,000 ነው የማዋጣው። በርጫ (ጫት) ሰዓት ላይ ይሁን ያላችሁት እናንተ ናችሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ እስካሁን የከፈለው 9 ሰው ነው። 36,000።

የገንደ ቆሬው፦ ቬንትሌተሩ አሮጌ ነው፣ ክንፉም ተጣሟል። አዲስ ቢገዛስ?

የሳቢያኑ፦ አዲሱም ሞተር ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ከቆርቆሮው ነው። ኮርኒሱ ላይ እጃችሁን አሳርፉ፣ እንደ ምጣድ ነው። በቆርቆሮውና በኮርኒሱ መሀል ሙቀት የሚከለክል ነገር ቢገባ ቬንትሌተሩን ሸክላ ሲዞር ብቻ ማጥፋት ይቻላል። የሸክላው አንድ ፊት እኮ 20 ደቂቃ ግድም ነው።

ጋሼ፦ 20 ደቂቃ እችላለሁ። በዚህ ተስማምቻለሁ።

ጸሐፊ፦ ጥሩ። ታዲያ የኮርኒሱ ብር ከየት ይመጣል?

ገንዘብ ያዥ፦ ከዚሁ ነዋ። ዎፈርና ትዊተሩ (የቀጭን ድምፁ ስፒከር) ለሁለተኛው ዙር ይቆዩ።

የገንደ ቆሬው፦ ስፒከር ልንሠራ መጥተን የጋሼን ጣሪያ ልናድስ ነው?

የመጋላዋ፦ ክፍሉም የስፒከሩ አካል ነው። ርዝመቱ 5 ሜትር ነው አይደል? 34 ኸርዝ ላይ መጮሁ አይቀርም፤ ማንም ዎፈር አያድነውም። ከጣሪያው ጋር የኋላው ግድግዳ ላይ ወፍራም ነገር እንስቀልበት።

የሳቢያኑ፦ 34ን ምንጣፍ አይውጠውም። መቀመጫውን ከግድግዳው ማራቅ ነው የሚሻለው። ምንጣፉ ለላይኛው ድምፅ ይጠቅማል፣ ይሰቀል።

ጸሐፊ፦ እሺ። የተስተካከለው ዕቅድ፦ ኮርኒስ፣ ምንጣፍ፣ የመቀመጫ ቦታ። ኤምዲኤፉ ግን አሁኑኑ ይገዛል፣ ሳጥኖቹ ተቆርጠው ይጠብቁ። አናጺው፣ ቅዳሜ ሉሁን ስንት ሰዓት እናምጣ?

ጸሐፊ፦ አናጺው?

የገንደ ቆሬው፦ ከማክሰኞ ጀምሮ ስልኩ አይነሳም። እኔ ነገ ጠዋት ቀፊራ ወርጄ ሱቁን አየዋለሁ።

ገንዘብ ያዥ፦ አናጺው እስኪገኝ ሉሁን አልገዛም። ኤምዲኤፍ ውሃ ከነካው ያብጣል፣ የማስቀምጥበት ደረቅ ቦታ የለኝም።

ጋሼ፦ እኔ ጋ አምጡት። መኝታ ቤቴ ደረቅ ነው፣ አልጋው ጀርባ ይቆማል።