ኦክታቪያችን ይህን ካራቫን ትጎትታለች ወይ?

ሰላም ከሊድስ፦
ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴና እኔ ከሁለት ልጆቻችን ጋር ሊድስ ነው የምንኖረው። የሆቴልና የቤት ኪራዩን ስላልቻልነው ዘንድሮ ያገለገለ ካራቫን (መኪና የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤት) ገዝተን፣ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ባሕሩና ወደ ዌልስ ልንወጣ አስበናል። መኪናችን የ2015 ስኮዳ ኦክታቪያ ስቴሽን ናት፤ 2.0 ናፍጣ፣ ማንዋል። ባዶ ክብደቷ ወረቀቷ ላይ 1,392 ኪሎ ይላል።

ሁለት ባለ አራት አልጋ ካራቫን አይተናል። የ2010ሩ ሙሉ ክብደቱ 1,480፣ ባዶውን 1,290 ነው። ልጆቹ የወደዱት እሱን ነው፤ ሁሌ እንደተነጠፈ የሚቆይ አልጋ አለው። የ2007ቱ ደግሞ ሙሉው 1,250፣ ባዶው 1,080። ሻጩ "ኦክታቪያ 1,600 ትጎትታለች፣ ምንም ሳታስቢ ትልቁን ውሰጂ" አለኝ። ባለቤቴ አምኖታል። እኔ ግን መኪናዋ ከራሷ የሚከብድ ነገር ስትጎትት ሆዴ እሺ አላለኝም። ሌላው፣ መንጃ ፈቃዴን ያወጣሁት በፈረንጆቹ 2012 ነው፤ ተጨማሪ ፈተና ያስፈልገኛል?

የብሪስቶሉ፦
እህቴ፣ ከፈቃዱ ልጀምር፣ እሱ አጭር ነው። ድሮ ከ1997 ወዲህ የተፈተነ ሰው ከበድ ላለ ተጎታች ሌላ ፈተና ይጠየቅ ነበር። ከዲሴምበር 16 ቀን 2021 ጀምሮ ያ ቀርቷል፤ በተራው የመኪና ፈቃድሽ እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ትችያለሽ።

አሁን የመኪናሽን በር ክፈቺና ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን፣ ክብደት የተጻፈበትን ሳህን እዪ። እዚያ ከሌለ ኮፈኑ ስር ነው። አራት ቁጥር ወደ ታች ተደርድሯል። የመጀመሪያው መኪናዋ ሰውና ዕቃ ጭና ልትመዝን የሚፈቀድላት ጣሪያ ነው። ሁለተኛው መኪናዋና ተጎታቹ አንድ ላይ። የቀሩት ሁለቱ የፊትና የኋላ አክስል ናቸው። ከሁለተኛው ላይ የመጀመሪያውን ቀንሺ፤ መኪናዋ ሙሉ ጭና የምትጎትተውን ታገኛለሽ። ሁለተኛው ቁጥር ጭራሽ ከሌለ መኪናዋ አትጎትትም ማለት ነው። እኔ በታክሲ ፕሪየሴ ካራቫን ልጎትት ተነስቼ ሳህኑን ሳይ ነው አርፌ የተቀመጥኩት።

ሻጩ አልዋሸሽም። ግን 1,600 መኪናዋ ስባ የምታንቀሳቅሰው ነው፤ በነፋስ መሃል ትቆጣጠረዋለች ማለት አይደለም። የካራቫን ክለቦቹ ለጀማሪ የሚመክሩት፣ የካራቫኑ ሙሉ ክብደት ከመኪናዋ ባዶ ክብደት 85 በመቶ እንዳይበልጥ ነው። ምክር እንጂ ሕግ አይደለም። በአንቺ መኪና 1,183 ኪሎ ይመጣል። ትልቁ 106 በመቶ ነው፣ ተዪው። ትንሹም እስከ ጣሪያው ከተጫነ 90 በመቶ ይነካል።

ሰላም ከሊድስ፦
ወንድሜ ተባረክ! አሁን ወጥቼ አየሁት። 1,940 እና 3,540 ይላል፣ ልዩነቱ ልክ 1,600። ለባለቤቴ 106 በመቶ የሚለውን አሳየሁት፤ ዝም አለ። ስለዚህ ስለ ትንሹ እናውራ።

የጅቡቲ መስመር፦
ልጄ፣ እኔ ጅቡቲ መስመር ላይ 11 ዓመት ተሳቢ ነድቻለሁ። እንደዚያም ሆኖ የመጀመሪያ ቀን ካራቫን ስይዝ ላብ በላብ ሆኛለሁ። ምክንያቱን ልንገርሽ። የኛ ተሳቢ የራሱ የፊት እግር አለው፤ ክብደቱን ራሱ ተሸክሞ ነው የሚከተልሽ። ካራቫን ግን መሃሉ ላይ ባሉት ጎማዎች ብቻ የቆመ ሚዛን ነው፣ አፍንጫውን የሚያሳርፈው መኪናሽ ኋላ ባለው የመጎተቻ ኳስ ላይ ነው። አፍንጫው ከቀለለ ጭራውን ይቆላል። ከከበደ የመኪናሽ ኋላ ይሰምጥና ፊቷ ይነሳል፤ ኦክታቪያሽ ደግሞ የምትነዳው በፊት ጎማ ከሆነ መሪው ይቀልልብሻል።

አፍንጫው ላይ የሚያርፈው ከካራቫኑ ክብደት ከ5 እስከ 7 በመቶ ይሁን። ለ1,250 ኪሎ ከ62 እስከ 87 ማለት ነው። ግን ሌላ ጣሪያም አለብሽ፤ የመኪናው መጽሐፍ፣ የመጎተቻው ሳህን፣ የካራቫኑ ማያያዣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ከሦስቱ ትንሹን ያዢ።

መለኪያ አትግዢ። የመታጠቢያ ቤት ሚዛን ሜዳ ላይ አስቀምጪ፣ የመጥረጊያ እንጨት በልክ ቁረጪና በሚዛኑና በማያያዣው መሃል አቁሚው፣ ክብደቱ ሚዛኑ ላይ እንዲያርፍ የካራቫኑን የፊት መንኮራኩር ቀስ ብለሽ አንሺ። ካራቫኑ አግድም መቆም አለበት። ከበዛ ከፊት ሳጥን ከጋዙ ሲሊንደር ሌላ ያለውን ዕቃ ወደ መሃል አዙሪ። ከባድ ነገር ሁሉ ወለል ላይ፣ ከጎማዎቹ በላይ ይቀመጥ። ከኋላ ጫፍ ምንም ከባድ አይኑር።

ጭራውን መቁላት ከጀመረ እግርሽን ከነዳጅ አንሺና መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ራሱ ይረጋል። ፍሬን በድንጋጤ አትርገጪ። በመሪ ላስተካክል ብለሽ ከተከተልሽው ይብሳል።

ሰላም ከሊድስ፦
ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። መጎተቻው ሳህን ላይ 75 ይላል። ስለዚህ 87ን እርሺ ማለት ነው?

የጅቡቲ መስመር፦
እርሺው። 70 አካባቢ አድርጊው፣ በቂ ነው።

እመት ኖርዊች፦
እህቴ፣ ክብደቱን ወንዶቹ ጨርሰውታል፤ እኔ ስለ እርጥበት ልንገርሽ፣ በሱ ነው የነደድኩት። የመጀመሪያውን ስገዛ ውስጡ አዲስ ምንጣፍ፣ ሽቶ በሽቶ ነበር። ሽቶው ራሱ እኮ ምልክት ነው! በስድስተኛው ወር ከፊት መስኮቱ ስር ያለውን ግድግዳ ስነካው ጣቴ ትኩስ ድፎ ውስጥ እንደሚገባ ሰመጠ። ለጥገና የጠየቁኝ ከገዛሁበት ይበልጥ ነበር።

ስለዚህ ዝናብ በዘነበ ማግስት ሄደሽ እዪው። ገና በሩ ሲከፈት አሽቺ። የመስኮቶቹን ማዕዘን፣ የቁምሳጥኑን ውስጥ፣ ከአልጋው ስር ያለውን ጥግ ሁሉ በአውራ ጣትሽ ተጫኚ። ወለሉ ላይ ተራመጂ፤ በሩ አጠገብና ኩሽናው ፊት ከረገበ ችግር አለው። እርጥበት መለኪያ ርካሽ ነው፣ ይዘሽ ሂጂ። ከ15 በመቶ በታች ደህና ነው። ከ20 በላይ ካየሽ ዋጋ ቀንሱልኝ ብለሽ አትከራከሪ፣ አመስግነሽ ውጪ።

ጎማውን ጥርሱን አይተሽ አትመኚ። ካራቫን ብዙ ስለሚቆም ጥርሱ ሳያልቅ ላስቲኩ ያረጃል። ጎኑ ላይ ካለው ጽሑፍ የመጨረሻዎቹን አራት አኃዞች አንብቢ፤ 2319 ካለ በ2019 ሃያ ሦስተኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከአምስት ዓመት ወዲያ ቢቀየር ይሻላል፣ ሰባትን ካለፈ አትጎትቺው።

ሌላው፣ ካራቫን እዚህ አገር እንደ መኪና ሊብሬ የለውም። ሻንሲው ላይ ያለው 17 ፊደልና ቁጥር መስኮቶቹ ላይ ከተቀረጸው ጋር አንድ መሆኑን እዪ። ተፍቆ ከሆነ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

ሰላም ከሊድስ፦
ትናንት ሄድን። እርጥበቱን በ14 ቦታ ለካሁ፣ ትልቁ 13 በመቶ ወጣ። ወለሉ ጠንካራ ነው። ጎማዎቹ ግን 3915! ሻጩ "ጥርሱን እዪ፣ አዲስ እኮ ነው" ሲለኝ ሳቄን ዋጥኩት። ሁለቱንም በአዲስ ቀይሮ ሊሰጠን ተስማማ።

የከነከነኝ ክብደቱ ነው። በሪሞት የሚያንቀሳቅሰው ሞተር ተገጥሞለታል፣ 30 ኪሎ ነው አሉ። ባትሪው 20፣ ድንኳኑ 25። ከ1,080 ጋር 1,155 ሆነ። እስከ 1,183 የቀረኝ 28 ኪሎ ብቻ ነው! ሳህን፣ ብርድ ልብስ፣ የአራት ሰው ልብስ የት ይግባ?

የብሪስቶሉ፦
ድንኳኑ መኪናዋ ውስጥ ይግባ፣ 53 ይሆንልሻል። የታሸገ ምግብና መጠጥም እንደዚያው። መኪናዋ በከበደች መጠን ሚዛኑ ይሻላል፤ ብቻ እሷም 1,940ን እንዳታልፍ፣ አፍንጫው የሚጭነው 70 ኪሎም እዚያ ውስጥ ይቆጠራል። ውሃ ተሞልቶ አይሄድም፣ እዚያው ስትደርሱ ቅጂ።

የጅቡቲ መስመር፦
እኔ በ85 በመቶ አልምልም። 88 ቢሆንም በደንብ የተጫነ፣ በትክክል የሚሠራ ማረጋጊያ (ጭራ መቁላቱን የሚቀንስ መሣሪያ) ያለው ካራቫን፣ 80 በመቶ ሆኖ ኋላው ላይ ብስክሌት ከተሰቀለበት ይሻላል። ግን የመጀመሪያ ዓመትሽ ነው፣ የብሪስቶሉን ስሚ።

ዮርክ ጎረቤት፦
ሰፈራችሁ ስለሆንኩ መንገዱን ልጨምር። ከሊድስ ወደ ኖርዝ ዮርክ ሙርስ ለመሄድ ካርታው በኤ170 መንገድ ሳተን ባንክ የሚባለውን ዳገት ሊያሳይሽ ይችላል። ዳገቱ ላይ ካራቫን ክልክል ነው፣ በሌላ መንገድ ዙሩ። ፍጥነት መሃሉ ባልተከፈለ የሁለት አቅጣጫ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ማይል፣ ሞተርዌይ ላይ 60 ነው፤ ሦስት መስመር ባለው ሞተርዌይ የቀኙ ጫፍ ላይ አትውጪ። ካራቫኑ ከመኪናሽ ከሰፋ ተጨማሪ ስፖኪዮ ግዴታ ነው፣ ያለሱ ተይዘሽ እስከ 1,000 ፓውንድና ሦስት ነጥብ። ልጆቹ "ካራቫኑ ውስጥ እንተኛ" ይሏችኋል፤ እየተጎተተ ሰው መጫን ክልክል ነው።

ሰላም ከሊድስ፦
ልክ ነህ፣ ትንሿ ገና ካሁኑ ጠይቃለች። የመጨረሻ ጥያቄ፣ እንዳትስቁብኝ። የኤሌክትሪክ ምጣዴን ይዤ ብሄድ ይሠራል? 1,500 ዋት ነው።

እመት ኖርዊች፦
ማን ይስቃል፣ እኔ ይዤ እሄዳለሁ። ቦታ ስትይዢ ስንት አምፕ እንደሆነ ጠይቂ። 10 አምፕ ከሆነ 2,300 ዋት ነው፣ ምጣዱ ብቻውን ይችላል። ምጣዱ እየጋገረ ማንቆርቆሪያ ከሰካሽ ግን ይጠፋና የካምፑን ሰውዬ ፍለጋ ትዞሪያለሽ። 16 አምፕ ካገኘሽ ያንን ያዢ። ደግሞ ድንኳኑ ስር ጋግሪ፣ ካራቫኑ ውስጥ እንፋሎቱ ሌላ እርጥበት ያመጣብሻል። ምጣዱም 53ቱ ውስጥ አይግባ፣ መኪናዋ ውስጥ።