«ጃምፕ» ሁሉ መዝለል አይደለም

«ጃምፕ» ምን ማለት ነው ሲባል ቶሎ አፋችን ላይ የሚመጣው «መዝለል» ነው። ትክክል ነው። ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገባ ግን ብዙ ጊዜ አያስኬድም። እንግሊዝኛው ዋጋ «ጃምፕ አደረገ» ሲል እኛ ናረ፣ አሻቀበ፣ ሲብስም ጣራ ነካ እንላለን። ቀይ መብራት «ጃምፕ ያደረገ» ሹፌር በኛ አፍ መብራት ጣሰ ነው የሚባለው። ሰልፍ «ጃምፕ ያደረገው» ደግሞ ያለ ወረፋው ገባ። በድንገተኛ ድምፅ «ጃምፕ ያደረገ» ሰውማ በረገገ። በረገገን የመሰለ ቃል እያለን «ከድንጋጤ የተነሳ ዘለለ» ብሎ መጻፍ ያሳዝናል።

ከሁሉ የሚከነክነኝ «ወደ ድምዳሜ ዘለለ» የሚለው ነው። ይህ አማርኛ አይደለም። «ሳያጣራ ደመደመ» ወይም «ለፍርድ ቸኮለ» ቢባል ማንም ይገባዋል። አባቶችስ «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» ብለው የለ?

በሌላ በኩል እንግሊዝኛ ዝላይን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል። ጥሩ ማሳያው ሥሉስ ዝላይ ነው። ዛሬ «ትሪፕል ጃምፕ» ይባላል እንጂ የዱሮ ስሙ «ሆፕ፣ ስቴፕ ኤንድ ጃምፕ» ነበር። ስሙ ራሱ አዘላለሉን ይነግራችኋል። አትሌቱ በተነሳበት እግር መልሶ ሲያርፍ ሆፕ ነው። ከዚያ ተነስቶ በሌላኛው እግሩ ሲያርፍ ስቴፕ። በመጨረሻ ተስፈንጥሮ አሸዋው ውስጥ ሲገባ ጃምፕ። እንግሊዛዊው ጆናታን ኤድዋርድስ እ.ኤ.አ. በ1995 ጎተንበርግ ላይ 18.29 ሜትር የዘለለው በነዚሁ ሦስት እንቅስቃሴዎች ነው። ሰኞ ማክሰኞ የተጫወተ ሁሉ ደግሞ ሆፕን እግሩ ያውቀዋል፤ በአንድ እግር መዝለል ነዋ። ገመድ ዝላይ ላይ ግን ራሳቸው አይስማሙም። አሜሪካኖቹ «ጃምፕ ሮፕ» ሲሉ እንግሊዞቹ «ስኪፒንግ» ይሉታል።

እኛም ብንሆን ቃል አላጣንም። እንቁራሪት እንጣጥ ትላለች። ኳስ ይነጥራል። ጥጃ ይቦርቃል። ነብር እመር ይላል። ሰው በደስታ ጮቤ ይረግጣል። እነዚህን ሁሉ በ«ዘለለ» ብቻ ከጻፍናቸው ጽሑፉ ይደርቃል።

«ዘለለ» በበኩሉ «ጃምፕ» የማይደርስበት ቦታ ይደርሳል። ገጽ ዘለልክ፣ መስመር ዘለልክ እንላለን፤ ለዚህ እንግሊዝኛው «ስኪፕ» ነው። «ነገሩ ከወሬ አይዘልም» ስንል ደግሞ ከወሬ አያልፍም ማለታችን ነው። ይህን አጠቃቀም በጣም እወደዋለሁ።

ባለ 366 ቀኑን ዓመት፣ «ሊፕ ይር»ንም ላንሳ። «ሊፕ» ከ«ጃምፕ» ራቅ ያለ፣ ሰፋ ያለ ዝላይ ነው። ዓመት እንዴት ይዘላል? 365 ቀን 52 ሳምንት ከአንድ ቀን ስለሆነ፣ አንድ የታወቀ ቀን በየዓመቱ የሚውልበት ዕለት በአንድ ይገፋል። ተጨማሪ ቀን ሲኖር ግን በሁለት ይገፋል፤ መሃል ያለችው ዕለት ትዘለላለች። በኛም አቆጣጠር ያው ነው። መስከረም 1 ቀን 2014 ቅዳሜ ዋለ፣ በ2015 እሑድ። 2015 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ2016 እንቁጣጣሽ ሰኞን አልፎ ማክሰኞ ዋለ። ስለዚህ «የዝላይ ዓመት» የሚለው ትርጉም ስህተት አይደለም። እኔ ግን «ሰግር ዓመት» የሚለውን እመርጣለሁ። ሰጋር በቅሎ ለሚያውቅ ጆሮ ቅርብ ነው።