አስቸኳይ፦ የጅማው በረራ ቀርቶብናል፣ ማዘር ማታ ፍራንክፈርት ናት! ካሳ አለው?

የአጂፕ ልጅ — ጠዋት 3፡20
እባካችሁ የምታውቁ ቶሎ መልሱልኝ። ከማዘር ጋር አባ ጅፋር አየር ማረፊያ ነኝ። የጠዋቱ የአዲስ አበባ በረራ ተሰረዘ። አውሮፕላኑ ከቦሌ መጥቶ ነበር፤ ድምፁን ከላያችን ሰምተነዋል። በጉሙ ማረፍ አቅቶት ዞሮ ተመለሰ። ማታ ከቦሌ ወደ ፍራንክፈርት በረራ አላት። እህቴ መውለጃዋ ደርሷል፣ ልታርሳት ነው የምትሄደው። ካውንተር ላይ ያለችው ልጅ «ጠብቁ» ከማለት ሌላ መልስ የላትም። ቲክቶክ ላይ በረራ ሲሰረዝ 600 ዩሮ ይከፈላል ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እውነት ነው? ወይስ ሚኒባስ ይዘን እንውጣ? ማዘር የነጠላዋን ጥለት ጠምዝዛ ጠምዝዛ ልትበጥሰው ነው።

ሂርማታ — 3፡24
ካውንተር ሂድና ጠይቃቸው። እነሱ ናቸው የሚያውቁት።

ጂሬን — 3፡27
ወንድሜ አትቀየመኝና ካሳ የምን ካሳ ነው? ጉሙን አየር መንገዱ አላመጣውም። በሐምሌ ጠዋት ጅማን የሚያውቅ ሰው ይሄን ያውቃል። ፓይለቱ ሜዳውን ሳያይ ይረፍ ነው የምትለው? እናትህ ዘግይተው ይድረሱ፣ ግን በሰላም ይድረሱ። ደግሞ ማታ አውሮፕላን ያለው ሰው የዛሬ ጠዋት በረራ አይይዝም። አንድ ቀን ቀድሞ ነው መግባት።

ትኬት ቆራጯ — 3፡31
ወንድሜ ቆም በል። እናትህን ይዘህ እንዳትወጣ! 12 ዓመት ትኬት ቢሮ ሠርቻለሁ፤ በዚህ ነገር ስንት ሰው ሲያለቅስ አይቻለሁ። መጀመሪያ ሁለት ነገር ንገረኝ። በረራው «ተሰርዟል» ነው ያሉህ ወይስ «ዘግይቷል»? «ጠብቁ» ካሉህ ገና አልተሰረዘም ማለት ነው። ሌላው፣ ትኬቱ አንድ ነው ሁለት? ወረቀቱ ላይ ፊደልና ቁጥር የተቀላቀለበት ባለስድስት ኮድ አለ፣ እሱን ለጊዜው ተወው። 13 አሃዝ ያለውን የትኬት ቁጥር እይ። ከጅማ እስከ ፍራንክፈርት ቁጥሩ አንድ ከሆነ ትኬቱ አንድ ነው። ሁለት ቁጥር ካለ ሁለት ትኬት ነው የገዛችሁት፣ ያኔ ነገሩ ሌላ ነው።

ቆጪ — 3፡36
በአባ ጅፋር ዘመን ቢሆን በቅሎ ተጭኖ ይኬድ ነበር፣ በቅሎ ጉም አያግዳትም 😀 አይዟችሁ! ትናንትም እንዲሁ ነበር፣ 5 ሰዓት አካባቢ ተገለጠ። የከሰዓት በረራ ካለ ቦታ አስይዝ፣ ጠዋት የቀረው ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ነው የሚሻማው።

የአጂፕ ልጅ — 3፡44
ቁጥሩ አንድ ነው። ከላይ ጅማ–አዲስ አበባ፣ ከሥሩ አዲስ አበባ–ፍራንክፈርት 23፡40 ይላል። እውነትሽን ነው፣ አልተሰረዘም፣ «ዘግይቷል» ነው ያሉት። ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ነው የምንነግራችሁ አሉ። ሻንጣው ገብቷል። ዝም ብለን ብንወጣ ምን ይመጣል?

ትኬት ቆራጯ — 3፡52
ትኬቱ አንድ በመሆኑ ተመስገን። አሁን በደንብ ስማኝ። ዝም ብላችሁ ከወጣችሁና በረራው በኋላ ከተነሳ እናትህ ኖ ሾው (ሳይመጡ የቀሩ ተሳፋሪ) ይባላሉ። የመጀመሪያው በረራ ሲቀር ሲስተሙ የቀረውን በሙሉ ይሰርዘዋል፣ መመለሻውንም ጭምር። ማታ ቦሌ ሲደርሱ ስማቸው የለም! ጥፋቱ የናንተ እንዳልሆነ ሲስተሙ የሚያውቀው ሰው ሲጽፍለት ነው።

ስለዚህ ካውንተሩ ጋ ተመለስ። ለልጅቷ አትቆጣ፣ ጉሙን እሷም አላመጣችውም። እንዲህ በላት፦ «እናቴ ኮኔክሽን አላት። እስከ አዲስ አበባ በመኪና እንደምትሄድ ጻፊልኝ፣ የፍራንክፈርቱ እንዳይሰረዝ፣ አዲሱን ወረቀት አትሚልኝ።» በቃል «እሺ» ብትልህ አትንቀሳቀስ። ወረቀቱን በእጅህ ያዝ፣ የፍራንክፈርቱ በረራ አሁንም እንዳለ በዓይንህ እይ። ሻንጣውንም አስወጣ፣ አለበለዚያ እናትህ በመንገድ ሻንጣው በአየር ይሆናል። የሻንጣውን ቁራጭ ወረቀት እንዳትጥል።

ሰዓቱንም አስላ። 23፡40 ማለት በኛ ማታ 5፡40 ነው፣ 2፡40 ላይ ቦሌ መሆን አለባቸው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ በዚህ ዝናብ 8 ሰዓት ያዝ። 4፡30 ከወጣችሁ 12፡30 ትገባላችሁ። 6 ሰዓት ድረስ ከጠበቃችሁ ግን የምትገቡት ማታ 2 ሰዓት ነው፣ መኪናው አስተማማኝ አማራጭ መሆኑ ቀረ። መወሰን ያለብህ አሁን ነው።

መኪናውን ከፈራህ ጠብቅ። ትኬቱ አንድ ስለሆነ የማታው ቢያመልጣቸው በሚቀጥለው በረራ ያለ ጭማሪ ክፍያ ሊወስዷቸው ይገባል። ቪዛው የሚያበቃበትን ቀን ብቻ እይ።

ሂርማታ — 3፡55
እኔም እኮ ካውንተር ሂድ ብዬሃለሁ።

የሕግ ተማሪ — 4፡02
ስለ 600 ዩሮው አንድ ሰው በትክክል መልሶ ቢነግርህ ጥሩ ነው፣ ብዙ ሰው ይሳሳትበታል። እሱ የአውሮፓ ኅብረት ሕግ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣ ቁጥር 261 ደንብ። እንደ ርቀቱ 250፣ 400 ወይም 600 ዩሮ ይከፈላል። ግን የሚሠራው ከአውሮፓ ኅብረት አገር ለሚነሳ በረራ ነው፣ የማንም አየር መንገድ ይሁን። ወደ አውሮፓ ለሚሄድ ደግሞ አየር መንገዱ የአውሮፓ ከሆነ ብቻ። ከጅማ ተነስቶ በአፍሪካ አየር መንገድ ለሚሄድ ሰው አይደርስም። ቢደርስም ኖሮ አየር ጠባይ ከካሳ ነጻ ያደርጋቸዋል።

ነጻ የማያደርጋቸው ከመንከባከብ ነው። በዚያ የአውሮፓ ሕግ ምግብ፣ ውሃ፣ ማደር ካለም ሆቴል ግዴታ ነው። የአይስላንድ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ በዘጋበት እ.ኤ.አ. በ2010 እንኳ አየር መንገዶች ተሳፋሪውን መመገብና ማሳደር ነበረባቸው ብሎ የኅብረቱ ፍርድ ቤት ፈርዷል።

እናትህን የሚነካው የሞንትሪያል ስምምነት ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1999። ኢትዮጵያም ገብታበታለች። ትኬታቸው አንድ ስለሆነ የጅማ–አዲስ አበባው ጉዞም እንደ ዓለም አቀፍ ጉዞ ይቆጠራል። በመዘግየት ለደረሰ ጉዳት ጣሪያው ከታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ወዲህ 6,303 ኤስ ዲ አር (የዓለም የገንዘብ ድርጅት የሒሳብ መለኪያ) ነው፤ አንዱ ኤስ ዲ አር ከአንድ ዶላር ከፍ ይላል። ይሄ ዝም ብሎ የሚታደል ገንዘብ አይደለም። ያወጣኸውን በደረሰኝ ታሳያለህ። አየር መንገዱ ደግሞ ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ አድርጌያለሁ ብሎ ካስረዳ አይከፍልም፣ በጉም ቀን ደግሞ ይሄን ማስረዳት አይከብደውም። እውነቱን ልንገርህ፣ ብዙ ተስፋ አታድርግ። ግን የመኪናውንም የምግቡንም ደረሰኝ ያዝ። ክስ የሚያዘው በ2 ዓመት ውስጥ ነው። ሻንጣ ከዘገየ ግን ሻንጣውን በተቀበላችሁ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ያስፈልጋል።

ፈረንጅ አራዳ — 4፡08
እህቴ በዚሁ መንገድ በተቃራኒው ስትመጣ ካሳ አግኝታለች። ከፍራንክፈርት ስትነሳ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ ስድስት ሰዓት ቆሙ፣ የጅማው አመለጣት፣ በማግሥቱ ነው ጅማ የገባችው። ትኬቷ አንድ ስለነበር መጨረሻ መድረሻዋ ጅማ ተብሎ ተቆጠረላት። 600 ዩሮ፣ በአራት ወር ደብዳቤ። የቴክኒክ ብልሽት በአብዛኛው ለእነሱ ማምለጫ አይሆንም። እናታችሁ ሲመለሱ ይሄን አስታውሱ፣ ቦርዲንግ ፓሱን አትጣሉ።

ጂሬን — 4፡11
እኔም ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ለጉም ካሳ የለም።

የሕግ ተማሪ — 4፡13
ለካሳ አልክ እንጂ ስለ ምግብና ማረፊያ አላልክም። ሁለቱ ይለያያሉ።

እናት ዓለም — 4፡15
ልጄ፣ አራስ ጥየቃ ነው ካልክ ሻንጣው ውስጥ ቅቤ አለ ማለት ነው። ሲወጣ አውጣው። ቅቤና ሥጋ ወደ አውሮፓ ኅብረት አይገባም፣ እኔን ፍራንክፈርት ላይ ከፍተው ወስደውብኛል። ማር እስከ 2 ኪሎ ያሳልፋሉ። የተቆላ ቡና ችግር የለውም። ለገንፎው እዚያው ከሱቅ ቅቤ ገዝታ በኮረሪማና በኮሰረት ታንጥረው።

የአጂፕ ልጅ — 4፡37
ተሳካ! ልጅቷ አለቃዋን ጠራችልን። ጽፈውልናል፣ አዲሱ ወረቀት እጄ ላይ ነው፣ 23፡40 አለበት። ሻንጣውን አስወጣን። ቅቤው ነበረ፣ በጣሳ፣ በሦስት ፌስታል ተጠቅልሎ። ማዘር ከጠዋት ጀምሮ ያላለቀሰችውን ቅቤውን ስናወጣ አለቀሰች። ላክስቴ ላክነው። የሰፈር ልጅ በመኪናው ሊወስደን ነው። ትኬት ቆራጯ እህቴ፣ አላህ ይስጥልኝ።

ትኬት ቆራጯ — 4፡41
አሚን። ጊቤ ቁልቁለት ላይ ሹፌሩን አታጣድፉት፣ ሰዓት አላችሁ። ቦሌ ስትደርሱ ወደ አገር ውስጡ እንዳትሄዱ፣ ዓለም አቀፉ መግቢያ ነው።

የአጂፕ ልጅ — 9፡25
ወልቂጤ ነን፣ ምሳ በላን። ጊቤ ላይ ናዳ ወርዶ አንድ ሰዓት ያህል ቆመን ነበር፣ አሁን ተከፍቷል። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።

ቆጪ — 9፡40
ጅማ ጉሙ ተገልጧል። 8 ሰዓት ላይ አውሮፕላን አርፎ ተነስቷል፣ ለዕውቀት ያህል።

ትኬት ቆራጯ — 9፡48
አንተ ደግሞ፣ ይሄን አሁን ለልጁ ምን ያደርግለታል? ያን ጊዜ በነበረው መረጃ ትክክል ነው የወሰነው።

እናት ዓለም — ማታ 3፡05
ልጄ ገባችሁ? ማዘር ቼክ ኢን አደረጉ?

ትኬት ቆራጯ — ማታ 4፡30
የአጂፕ ልጅ፣ ቻርጅ ስታገኝ አንድ ቃል ጣልልን።

እናት ዓለም — በማግሥቱ ጠዋት 2፡10
ልጄ?