ክርክር፦ ቴሌኮሞች ወደ ክላውድ ሲገቡ ቁልፉ ማን እጅ ነው?

የጅሬን ልጅ፦
ሰሞኑን እዚህ ጅማ በተሰጠ ስልጠና ላይ አንዱ አሰልጣኝ «ኔትወርኩ ክላውድ ላይ ከወጣ መቆራረጥ ታሪክ ይሆናል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ደሜ ፈላ። ክላውድ ማለት እኮ ሥራን የሚሸከሙ የተያያዙ ሰርቨሮች ናቸው፤ የራስህ ወይም የሌላ ኩባንያ ሊሆኑ ይችላሉ። ውጭ ያሉት የቴሌኮም ኦፕሬተሮች እኮ ቁልፉን እያስረከቡ ነው። የአሜሪካውን ኤቲ ኤንድ ቲን የሚያህል የቴሌኮም ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2021 የሞባይል ኔትወርኩን የሚያሠራበትን ክላውድ ለማይክሮሶፍት ሰጠ። ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ዲሽ ደግሞ በዚያው ዓመት ፋይቭ ጂውን አማዞን ክላውድ ላይ እንደሚዘረጋ አወጀ። ይሄን ነው የምናጨበጭብለት?

የኪቶ ኢንጂነር፦
«ቁልፉን አስረከቡ»? ማን ነው ያስረከበው? ኤቲ ኤንድ ቲ ያስተላለፈው ሶፍትዌሩን የሚሸከመውን መድረክ ነው። ታወሩ፣ ፋይበሩ፣ ፍሪኩዌንሲውና ደንበኛው የራሱ ናቸው። ኮሩም፣ ማለትም ጥሪና ዳታ የሚያገናኘው የኔትወርኩ ማዕከል፣ የሚሠራው እዚያው በራሱ ግቢ ነው። ዜና በርዕሱ ብቻ አይነበብም ወንድሜ።

ነገሩ ከየት እንደመጣም ይታወቅ። ድሮ ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ሣጥን ይገዛ ነበር። ጥሪ የሚያገናኝ ሣጥን፣ ደንበኛ የሚመዘግብ ሣጥን፣ ዳታ የሚያሳልፍ ሣጥን። የሸጠልህ ኩባንያ ካልመጣ አይነካም። እ.ኤ.አ. በ2012 ትልልቆቹ ኦፕሬተሮች ተሰብስበው በቃን አሉ። ሥራው ሶፍትዌር ይሁንና ተራ ሰርቨር ላይ ይሂድ አሉ። ክላውዱ የመጣው ከዚያ ነው። ቁልፍ ለማስረከብ ሳይሆን ቁልፍ ለማስመለስ!

የጅሬን ልጅ፦
አስመለሱና ለማን ሰጡት? ከሣጥን ሻጭ አምልጠው ክላውድ ሻጭ እጅ ወደቁ። የክላውድ ሶፍትዌር ሻጩን ቪኤምዌርን ሌላው የአሜሪካ ኩባንያ ብሮድኮም እ.ኤ.አ. በ2023 ሲገዛው የፈቃድ አሸጣጡን ገለባበጠው። በዓመቱ ኤቲ ኤንድ ቲ ራሱ ብሮድኮምን ከስሶ ፍርድ ቤት ቆመ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ያለ ሰው ዳኛ ፊት ምን ይሠራል?

የኪቶ ኢንጂነር፦
ቪኤምዌር እኮ በራስህ ሰርቨር ላይ የምትጭነው ነው። አማዞን የለበትም፣ ማይክሮሶፍትም የለበትም። ምሳሌህ አንተኑ መታህ። ደግሞ ከሰሱ፣ ተስማሙ፣ አለቀ።

የጅሬን ልጅ፦
አልመታኝም። ያልኩት የሰው ጥገኛ ሆኑ ነው። ስሙ ብሮድኮም ይሁን አማዞን ለእኔ አንድ ነው።

የኪቶ ኢንጂነር፦
አላልክም። ወደ ላይ ውጣና አንብብ፤ «ቁልፉን እያስረከቡ ነው» ነው ያልከው።

የሒርማታዋ፦
ቁልፍ ቁልፍ ስትሉ መሸ። እኔ ባለሱቅ ነኝ። ባለፈው መብራት ጠፋ፣ ትንሽ ቆይቶ ኔትወርኩም ጠፋ። ደንበኛዬ በስልክ መክፈል አቅቶት የመዘነውን ስኳር መልሶ ሄደ። ወላሂ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ፤ ክላውዱ ይሄን ያስተካክለዋል?

የኪቶ ኢንጂነር፦
እህቴ፣ አያስተካክለውም። ታወሩ ባትሪው ካለቀና ጀነሬተር ከሌለው ኮሩ የትም ቢሆን ዋጋ የለውም። ከአዲስ አበባ እስከ እዚህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ መሃል ላይ ፋይበር ከተቆረጠም ያው ነው። ክላውድ የሚጠቅመው ሌላ ቦታ ነው። በበዓል ቀን ጥሪ ሲበዛ አቅም ቶሎ ይጨመራል። አንድ ሰርቨር ሲሞት ሥራው ወደ ሌላው ይዛወራል። አዲስ ሶፍትዌርም ሌሊቱን ሙሉ ኔትወርክ ሳይዘጋ ይጫናል።

የጅሬን ልጅ፦
አያችሁ፣ አመነ! አሰልጣኙ ዋሽቷል ማለት ነው።

የኪቶ ኢንጂነር፦
አጋነነ። አጋነነና ዋሸ ይለያያል።

ቀበሌ 05፦
ኪቶ ፉርዲሳ፣ የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ግቢ፣ የተማረ ሁሉ ለአሰልጣኝ ጠበቃ ይሆናል። ያው አበል ነዋ 😂

የኪቶ ኢንጂነር፦
አበል የሚበላውን እናውቀዋለን። ስም እንዳታስጠራኝ።

ጋሽ ቡና፦
ልጆቼ፣ ስድቡን ተዉትና ለእኔ ለሽማግሌው አስረዱኝ። ማን ለማን እንደደወለ፣ ስንት ብር እንደላከ የሚመዘገበው መረጃ የት ነው የሚቀመጠው? አማዞን አፍሪካ ውስጥ ቤት የሠራው ኬፕታውን ነው አሉ። የእኔ ስልክ ሒሳብ ኬፕታውን ምን ያደርጋል?

የጅሬን ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዋናውን ጥያቄ ጠየቁ።

የኪቶ ኢንጂነር፦
ጋሼ፣ ኦፕሬተሮች ሁሉንም ነገር አንድ ቦታ አይከምሩም። ኮሩን አብዛኞቹ በራሳቸው ዳታ ሴንተር፣ በራሳቸው ክላውድ ነው የሚያሠሩት። ወደ ውጭ ክላውድ ቀድሞ የሚወጣው የቢሮ ሥራ፣ የሪፖርት ትንተና፣ እንዲህ ያለው ነው። ኬፕታውን ከአዲስ አበባ በአየር መስመር ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በፋይበር ደርሶ መልስ ቢያንስ 50 ሚሊ ሰከንድ ይበላል። ጥሪ የሚያገናኝ ኮር እዚያ ማስቀመጥ ለእኛ አያዋጣም። ቀይ ባሕር ላይ እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንተርኔት ኬብል ሲቆረጥ የሆነውን ሁሉም ያስታውሳል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ አለ።

የጅሬን ልጅ፦
አዋጅ መኖሩና መከበሩ ለየቅል ነው። ደግሞ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2025 ላይ ቨርጂኒያ ያለው የአማዞን ክላውድ ሲወድቅ ስንት አገልግሎት ተከትሎት ወደቀ? ሁሉ እንቁላል አንድ ቅርጫት ውስጥ!

የኪቶ ኢንጂነር፦
የካናዳው ኦፕሬተር ሮጀርስስ? እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2022 ካናዳ ውስጥ ሚሊዮኖች ቀኑን ሙሉ ያለ ስልክ ዋሉ፤ የድንገተኛ ጥሪ እንኳ እምቢ ያላቸው ነበሩ። ኮሩ የራሱ፣ ሠራተኛው የራሱ፣ ስህተቱም የራሱ። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ ነበር እኮ! ራኩተን የሚባለው ኦፕሬተር ደግሞ ጃፓን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲጀምር ኔትወርኩን በሙሉ በሶፍትዌር፣ በራሱ ክላውድ ነው የዘረጋው። ማንም ቁልፍ አልወሰደበትም።

ቀበሌ 05፦
ራኩተን ሞባይል ለዓመታት ሲከስር እንደኖረ ለምን አትጨምርም?

የኪቶ ኢንጂነር፦
ከስሯል። አዲስ ገብቶ ታወር ሲተክል የማይከስር ኦፕሬተር ካለ አሳየኝ።

የጅሬን ልጅ፦
ነገር አታዙር። ውሉ ሲያልቅ ክላውድ ሻጩ ዋጋውን እጥፍ ቢያደርገው፣ ኮሩን ነቅሎ ሌላ ጋ የሚወስድ ኦፕሬተር አለ? አዎ ወይ አይ በል።

የኪቶ ኢንጂነር፦
ከመጀመሪያው በኮንቴይነርና በኩበርኔትስ፣ ማለትም ሶፍትዌርን የትም ክላውድ ላይ እንዲሄድ አድርገው በሚያሽጉና በሚያስተዳድሩ ዘዴዎች፣ ከተሠራ ይወጣል። ቀላል ነው አላልኩም።

የጅሬን ልጅ፦
«ቀላል ነው አላልኩም» አለ! ስክሪንሾት ያዙልኝ።

ቀበሌ 05፦
ይዣለሁ 😂

ጋሽ ቡና፦
ስክሪንሾቱ ይቆይ። «አብዛኞቹ በራሳቸው» አልከኝ ልጄ፤ እኔ የጠየቅኩት ስለ እኔ ሲም ነው። የእኔስ?