ከከተማው ወጥቶ የሄደ ክለብ ያው ክለብ ነው?

የማራኪ ልጅ፦
ሰላም ጎንደሬዎች። ሰሞኑን ስለ ዶጀርስ፣ ስለ ቤዝቦሉ ክለብ ሳነብ ከረምኩ። አሁን የሎስ አንጀለስ ነው፤ እስከ 1957 እ.ኤ.አ. ግን የኒውዮርክ ብሩክሊን ክለብ ነበር። ባለቤቱ ዋልተር ኦማሊ ነቅሎ ወሰደው፤ ስሙም ታሪኩም አብሮ ሄደ። እኔ አልዋጥልህ አለኝ። ነገ አንዱ ባለሀብት ተነስቶ የኛን ፋሲል ከነማን አዳማ ልውሰድ ቢል "ዐፄዎቹ" የሚለው ቅጽል ስሙም አብሮ ሊሄድ ነው?

የአዘዞው፦
በወረቀት የባለቤቱ ነዋ። ግን ሕዝቡን እይ። ብሩክሊን በ1941፣ 47፣ 49፣ 52 እና 53 ለፍጻሜ ደርሶ አምስቱንም በዚያው ከተማ ክለብ በያንኪስ ተሸነፈ፤ ደጋፊው በየዓመቱ የከርሞ ሰው ይበለን እያለ ቤቱ ይገባል። በ1955 ያንኑ ያንኪስን አሸንፎ ዋንጫውን በላ። ከሁለት ዓመት በኋላ ክለቡ የለም፤ ሜዳው ኤቤትስ ፊልድም በ1960 መፍረስ ጀመረ። ያ ዋንጫ ለኔ እስከ ዛሬ የብሩክሊን ነው።

ጋሽ አራዳ፦
ልጆች፣ ሁሉንም በኦማሊ ላይ አትጫኑት። ሜዳው አርጅቶ፣ መኪና ማቆሚያ አጥቶ፣ እዚያው ብሩክሊን አዲስ ልሥራ ብሎ ቦታ ጠይቋል። በከተማው ግንባታ አድራጊ ፈጣሪ የነበረው ሮበርት ሞሰስ እምቢ ብሎ ወደ ኩዊንስ ሂድ አለው። ታሪክ አብሮ አይሄድም ለምትሉትም፣ ጥቁሩን ተጫዋች ጃኪ ሮቢንሰንን አስቡት። በ1947 ጥቁሮች በሊጉ እንዳይጫወቱ የሚከለክለውን እገዳ ሰብሮ የገባው ለብሩክሊን ተሰልፎ ነው፤ ለሎስ አንጀለስ አንድ ቀን አልተጫወተም። ሐውልቱ ግን ዛሬ ሎስ አንጀለስ ስታዲየሙ ላይ ቆሟል። ይሄ ይከፋል? እኔ አይከፋኝም።

ፒያሳ፦
ፋሲል የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ ያነሳው በ2013 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ምክንያት ሊጉ በተመረጡ ከተሞች ስለተካሄደ ጎንደር ላይ አንድም ጨዋታ አልነበረም። ዋንጫው የጎንደር አይደለም ያለ ሰው ግን አልሰማሁም፤ ክለቡ ቤቱ እንደሚመለስ እናውቅ ነበራ! የብሩክሊን ሰው ይህን ነው ያጣው።

የማራኪ ልጅ፦
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል፣ ሐውልቱ ይቁም። ስሙን ግን ትቶ መሄድ ይቻላል ባይ ነኝ። በ1996 እ.ኤ.አ. የክሊቭላንድ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን ወደ ባልቲሞር ሲሄድ ብራውንስ የሚለው ስም፣ ቀለሙና ታሪኩ ለክሊቭላንድ ቀረ። ባልቲሞር የገባው ራቨንስ ተብሎ ነው፤ በ1999 ብራውንስ እንደገና ክሊቭላንድ ላይ መጫወት ጀመረ። የኛም ክለቦች መተዳደሪያ ደንብ ላይ እንዲህ ያለ አንቀጽ ቢገባ ደስ ይለኛል።