የአያቴን የመንዙማ ኪታብ ላስመጣው ወይስ ይቅር?

የገራዶዋ፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የወሎ ልጆች። ምክር ፈልጌ ነው። ልጄ እዚህ ውጭ አገር የምትማርበት ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ የእስልምና ሳምንት ያዘጋጃል። ንግግር አለ፣ ኤግዚቢሽን አለ፣ ምግብ አለ። ዘንድሮ እሷም አስተባባሪ ሆናለች። አፏ አላርፍ ብሎ «ቅድመ አያቴ በእጃቸው የጻፉት የመንዙማ ኪታብ ደሴ አለ» ብላ አወራች። ፕሮፌሰሩ መስታወት ውስጥ አድርገን እናሳየው ብለው ያዟት። ወንድሜን ብጠይቀው «በመንገደኛ እልክልሻለሁ፣ አንቺ ብቻ የቤቱን ቆርቆሮ አስቢበት፤ ክረምት መጣ» አለኝ። በሻንጣ ቢመጣ ችግር አለው?

ጦሳ፦ እንዳታደርጊው እህቴ! አዋጅ ቁጥር 209/1992 የሚባል አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፣ የግልሽም ቢሆን። ለኤግዚቢሽን ማውጣት ይቻላል፤ ግን ፈቃዱ ከመንግሥት ነው። ቦሌ ላይ ቢያዝ የሚጠየቀው ያ የላክሽበት ምስኪን መንገደኛ ነው። እኔ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው፣ ስሚኝ። ፎቶ ያንሱት። ፍላሽ አይጠቀሙ፣ በቀን ብርሃን በር አጠገብ ያድርጉት። አልዘረጋ ካለ በግድ አይዘርጉት። ሽፋኑንም፣ ባዶውንም ገጽ፣ ጠርዝ ላይ የተጫጫረውንም ያንሱ። ማን መቼ እንደተወለደ፣ ኪታቡ በማን እጅ እንዳለፈ የሚገኘው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው።

ቦርከና፦ መንዙማ ስትሉ ሆዴ ባባ። እናቴ ወዳጃ ላይ፣ ሰው ለዱዓ ተሰብስቦ፣ በረካው እስኪቀዳ ድረስ እንቅልፌን ታግዬ እጠብቅ ነበር። እዚህ አንድ ቀን ቡና አፍልቼ እጣን ባጨስ የጭስ ደወሉ ጮኸ። ፎቁ ሙሉ በፒጃማ ደረጃ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲህ እጣኑን ማሽተት ብቻ ሆኗል።

አቡ ሐናን፦ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ የእስልምና ሳምንት ከሆነ ቁርአንና ሐዲስ ይቅረብ። መንዙማ በኛው መካከል ክርክር ያለበት ነገር ነው። ፈረንጁ እስልምና ማለት ድቤ መምታት ነው ብሎ ይሄዳል።

ቦርከና፦ የመንዙማው ገጣሚ ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ድቤ መቺ ነበሩ በለኛ! 1870 ቦሩ ሜዳ ላይ አፄ ዮሐንስ የወሎን ሙስሊም ተጠመቅ ሲሉ፣ ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል ሲባሉ፣ አሻፈረኝ ብለው የሸፈቱት እኮ እሳቸው ናቸው። ግጥሙንም በአጀም ጻፉት። አማርኛውን በዐረብኛ ፊደል። ለምን? ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ ዲኑን በቃሉ እንዲይዝ ነዋ።

አቡ ሐናን፦ ታሪክ ሌላ፣ ዲን ሌላ። አትቀላቅል።

የሐይቅ ልጅ፦ እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ ጣልቃ ልግባ። የሰርግ ዳስ ሁለት ቦታ ተጥሎ፣ ሥጋው ለየብቻ ታርዶ፣ ዘፈኑ ግን አንድ የሆነበት አገር ልጅ ነኝ። ልጅቷ ይህንም ትናገር። ግን ወሎን በፍቅር ብቻ አታሰማምሩት። ቦሩ ሜዳም ይነገር።

ቦርከና፦ እሱን እኮ ነው የምለው! ፕሮፌሰር ሁሴን አህመድ ዕድሜያቸውን ሙሉ የወሎን እስልምና የጻፉት ለዚህ ነው።

አቡ ሐናን፦ እሳቸው የታሪክ ምሁር ነበሩ። ፈትዋ አልሰጡም።

(እዚህ ላይ አሥራ ምናምን መልስ ስለ ድቤ ብቻ ሆነ።)

የገራዶዋ፦ ኧረ ተው በአላህ! እኔ ስለ ሻንጣ ነበር የጠየቅኩት። ለማንኛውም ኪታቡ እዚያው ቀረ፤ ፎቶው ትናንት ደረሰ። የነቢዩ ስም በቀይ ቀለም ነው፣ አንዱ ገጽ ላይ የቡና ሲኒ የተቀመጠበት ክብ አለ። ጉዱን ልንገራችሁ። ፕሮፌሰሩ ፊደሉን ያነባሉ፣ አማርኛ አያውቁም። ልጄ አማርኛ ታውቃለች፣ ፊደሉን አታነብም። እሳቸው እየተንተባተቡ ሲያነቡ እሷ «ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ‹ልቤ› ነው!» ትላለች። እናቴ ከደሴ በስልክ እየሰማች ነበር። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ሳይደርሱ ቀደመቻቸውና እስከ መጨረሻው በቃሏ አወጣችው። ፕሮፌሰሩ እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ።

የቆርቆሮውን ነገር ግን አንድም ሰው አልመለሰልኝም። ደሴ ላይ ስንት ገብቷል? ወንድሜ የሚለኝን ልመን?

አቡ ሐናን፦ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ እህቴ። ወንድሜ ኮምቦልቻ ቆርቆሮ ይነግዳል። ስለ መንዙማው ግን ቃሌን አላነሳሁም።